የስድስቱ እናቶች ልጆች

ሳሌም ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመጨረሻው ሪፖርት ለገንዘብ ሰጪዎቻችን የሚላከው ደግሞ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ከዓርብ በኋላ የሚቀረኝ መጻሕፍቴን በካርቶን ማሸግ፣ ሰኔ ላይ የመሰናበቻ ኬክ መብላትና ጡረታ መውጣት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ደክሞኛል። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ስድሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው በመጋቢት የስቶክሆልም የቀለጠ በረዶ እየረገጠ ከሄሰልቢ በሁለት ባቡር ሥራ ሲገባ ይደክመዋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

"እትዬ ፅጌ፣ ይህን አንዴ ይዩልኝ" አለችኝ።

ሳሌም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ልጅ ስል ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስታወራኝ "እርስዎ" ትለኛለች፤ እናቷ እንደዚያ ነው ያሳደገቻት። በስዊድንኛ ግን እንደማንኛውም ባልደረባ "ዱ"፣ አንቺ፣ ነኝ። ስትናደድ ወደ ስዊድንኛ ትሻገራለች፤ እዚያ ሆና መቆጣት ይቀላታል መሰለኝ። ላብራቶሪው የእሷ ነው፣ ባሕሩና መንደሩ የእኔ።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። የባሕር ኪያር የሚባል ፍጡር እናረባለን። ኪያር ይባል እንጂ እንስሳ ነው፤ ዓይን የለው፣ እግር ብሎ ነገር የለው፣ ለብ ያለ ባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አሸዋ ሲውጥና አሸዋ ሲያወጣ ይውላል። ባለቤቴ ቶሎሳ ፎቶውን አይቶ "ለዚህ ነው እኔን ጥለሽ የምትሄጂው?" ብሎኛል። ሆኖም ደርቆ ሩቅ ምሥራቅ ሲደርስ በጣም ተፈላጊ ምግብ ነው። በታንዛኒያ ዳርቻ ያለች አንዲት መንደር ሴቶች ድሮ የባሕር ሣር እያበቀሉ ይተዳደሩ ነበር። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ሣሩ ይበሰብስባቸው ጀመር። ያኔ ነው እኛ የመጣነው። ከእርባታ ጣቢያ ጣት የሚያህሉ ጫጩቶች አምጥተን፣ ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው አሸዋ ላይ የመረብ ቅጥር ሠርተን፣ ለሃያ ሴቶች አከፋፈልን። ሴቶቹ ይጠብቃሉ፤ እኔ በየስድስት ወሩ ሄጄ እቆጥራለሁ፣ እመዝናለሁ።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ከመቶው ጫጩት ሰማንያ ስድስቱ ይተርፍ ነበር። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ከወንበሩ ይነሣል። በየስብሰባው ተጨብጭቦልኛል። አሁን ሪፖርቱ ዓርብ ከተላከ በኋላ ሥራው ወደ አሥራ ሁለት መንደሮች ሊሰፋ ነበር፤ የአሥራ ሁለት መንደር ሴቶች የያዙትን ሥራ ትተው ቅጥር ሊያጥሩ ማለት ነው። ሁሉም ነገር የቆመው በዚያች ሰማንያ ስድስት ላይ ነው።

የሳሌም ወረቀት ላይ ያለው ግን ሌላ ቁጥር ነበር። ባለፈው ጉዞዬ ከመቶ እንስሳት ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ቆርጬ አምጥቼላት ነበር። የበሽታ ምርመራው ካለቀ በኋላ ፍሪሰር ውስጥ ተቀምጦ ስታየው፣ የትኛዋ እናት ጠንካራ ልጅ እንደምትወልድ ልወቅ ብላ የዘር ምርመራ ሠራችበት። ማንም ሠርተሽ አምጪ አላላትም፤ ለቀጣዩ ዙር ይጠቅመናል ብላ ነው። እርባታ ጣቢያው ውስጥ ያሉት እናቶች ስድስት ብቻ ናቸው። ጫጩቶቻችን በሙሉ የእነሱ ልጆች መሆን አለባቸው።

"አሥራ ሦስቱ ናቸው የስድስቱ እናቶች ልጆች" አለች ሳሌም። "ሰማንያ ሰባቱ አይደሉም።"

"ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል።"

"ሁለቴ ደግሜዋለሁ።"

"ታዲያ የማን ልጆች ናቸው?"

"የማንም። የባሕሩ ናቸው። ከውጪ ተለቅመው የገቡ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምርመራው የተሠራው ለሁለተኛው ዙር ስለሆነ ሪፖርቱ ውስጥ መግባት እንደሌለበት ነገረችኝ። ውሸት አይደለም አለች፤ ያልተጠየቅነውን አለመጨመር ነው። ልክ ናት፣ ማንም አልጠየቀንም። ሥራው ከሰፋ ሳሌም ፋስት ሸንስት ታገኛለች፤ ከአሥር ዓመት የየዓመቱ ኮንትራት በኋላ ቋሚ ሥራ ማለት ነው። ሮግስቬድ ውስጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ይህን ሁሉ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

"እስከ ሐሙስ ላስብበት" አልኳት።

ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ግን ስለ ሳሌም አልነበረም። ስለ ሌና ነበር። ሌና ሥራውን የጀመረችው ኃላፊያችን ናት፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ገና ሥራው ሲጀመር፣ ቆጠራው ሴቶቹ ሳያውቁ ድንገት ተሂዶ መሆን አለበት ብላ ነበር። እኔ ነኝ ብድግ ያልኩት። ሰው ቤት ሳይናገሩ አይኬድም አልኩ። እነዚህ ሴቶች የሥራ አጋሮቻችን እንጂ ተጠርጣሪዎች አይደሉም፣ ድንገት ደርሶ ዕቃ መፈተሽ የድሮ ቅኝ ገዢ ጠባይ ነው አልኩ። ሌና ፊቷ ቀላ። ስዊድኖች እንዲህ ያለ ነገር ከእንደኔ ዓይነት ሰው አፍ ሲሰሙ ወዲያው ይሸነፋሉ። ይህን አውቅ ነበር፤ አውቄም ተጠቀምኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሄዴ ሦስት ሳምንት በፊት እደውላለሁ፣ ቀኑን እናገራለሁ። ስለዚህ አሠራር ጽሑፍ ሁሉ ጽፌአለሁ፤ አክብሮት ጥሩ ሳይንስ ይወልዳል የሚል። ተማሪዎች ያነቡታል።

ቤት ስደርስ ቶሎሳ ከትቬትስቱጋው፣ ከሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ተመልሶ አንሶላ እያጠፈ ነበር። አንዱን ጫፍ ያዝኩለትና ነገርኩት። አታለሉኝ አልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ አታለሉኝ።

መጀመሪያ አንሶላውን አጥፎ ጨረሰ። ቶሎሳ መሐንዲስ ነበር፤ አንድ ነገር ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም።

"ልቤን ኦፕራሲዮን የሆንኩ ጊዜ" አለ በመጨረሻ፣ "ከአልቢ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልኝ እንደሚመጡ ደውለው አልነበር?"

"ደውለው ነበር።"

"ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር። አንቺም ሳምንቱን ሆስፒታል ነበርሽ። ምን አደረግሽ?"

ያደረግኩትን አስታወስኩ። ከሬስቶራንት አምስት ዓይነት ወጥ ገዝቼ፣ በራሴ ድስቶች ገልብጬ፣ አሙቄ አቀረብኩ። ሽማግሌዎቹም በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ቤትሽን እንዲህ መያዝሽ የጌታ ጸጋ ነው ብለው አመሰገኑ፤ እኔም ዝም አልኩ። አንዱማ በሚቀጥለው እሑድ ምስክርነት ሰጠበት።

"ያታለልሻቸው መስሎሽ ነበር?" አለኝ ቶሎሳ።

"አይ" አልኩት።

"በይ እንግዲህ" ብሎ የትራስ ልብሶቹን አነሣ።

ረቡዕ ቀትር ላይ የቢሮዬን በር ዘግቼ ለቢ ዙሌኻ ደወልኩ። ቢ ዙሌኻ ("ቢ" እንደ እኛ "እትዬ" ነው) የሃያዎቹ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከሁሉ ቀድመው ባሕር የሚወርዱ። እሳቸው "ዳክታሪ" ይሉኛል፣ ሐኪም እንደማለት። በስዋሂሊ ነው የምናወራው። ከጀርባቸው ነፋስና የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

"ቢ ዙሌኻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንዳይቀየሙኝ።"

"ጠይቂ ልጄ።"

"ስመጣ ቅጥሩ ውስጥ የማገኛቸው ሁሉም እኛ ያመጣናቸው ናቸው?"

ሳቁ። የተያዘ ሰው ሳቅ አልነበረም።

"ስንቱ ሞቶ እንዴት ሁሉም ይሆናሉ?"

"ታዲያ ሌሎቹ ከየት ይመጣሉ?"

"እመጣለሁ ብለሽ ስትደውዪ ወጥተን እንለቅማለና። መጀመሪያ ጊዜ ሁለት ቀን ይበቃን ነበር። አሁን ቅርብ ያለው አልቋል፤ በጀልባ እስከ ወዲያኛው አሸዋ ድረስ እንሄዳለን። አንድ ሳምንት ይፈጅብናል። የዚያኛው መንደር ሴቶችም ተቀይመውናል፤ ባሕራችንን ባዶ አደረጋችሁብን ይላሉ።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

"ለምን እንዲህ ደከማችሁ?" አልኳቸው።

"ከዚያ ሁሉ አገር መጥተሽ ባዶ አሸዋ እናሳይሽ? መጀመሪያ የመጣሽ ጊዜ ሞልቶ ስታዪው አለቀስሽ እኮ። ሁላችንንም ሳምሽን። ከዚያ በኋላማ እንዴት እናጉድልብሽ?"

አልቅሻለሁ፤ አስታውሳለሁ። ውኃ እስከ ጉልበቴ ደርሶ፣ ሃያ ሴቶች ከበውኝ፣ ቆጥሬ ስጨርስ አለቀስኩ። ምን ያህል የተጨነቁልኝ ሰዎች መሀል እንደቆምኩ ግን አላወቅሁም ነበር።

"በእውነቱ ስንት ነው የሚተርፈው?"

"ከአሥሩ አንድ። ጥሩ ዓመት ሲሆን ሁለት።"

"ቢ ዙሌኻ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽን?" አሉ፣ ልክ ለልጇ ጥፋቱን እንደምታስረዳ እናት በለሰለሰ ድምፅ። "አንቺ ትመጪያለሽ፣ ትቆጥሪያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ስትቆጥሪ ሰው አያናግርሽም፤ ቁጥሩ ይጠፋብሻል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ለምን ይሞታሉ አልኩ። ሳያስቡ መለሱልኝ፣ ለስምንት ዓመት አፋቸው ላይ ተቀምጦ እንደነበር ሁሉ። ትልቁ ዝናብ ሲዘንብ የወንዙ ውኃ በዚያ በኩል ነው የሚወርደው፤ ጨው የሌለው ውኃ ሲደርስባቸው ያብጣሉ፣ ይላጣሉ፣ ይሞታሉ። የሴቶቹ እናቶችም የባሕር ሣር እዚያ ተክለው አያውቁም። ጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ጀርባ ያለው አሸዋ ነው ደኅናው። ታዲያ ቅጥሩ ሲሠራ ይህን ለምን አላላችሁም አልኳቸው።

"ቦታውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። በመሣሪያ ለክተሽ። እንግዳ የመረጠውን እንዴት እንነቅፋለን?"

ቦታውን የለካሁት በበጋ ነው። ሁለት ሳምንት ለካሁ፣ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት፣ ካርታ ሠራሁ። ወንዙ በዚያን ጊዜ ደረቅ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀፍረት አልነበረም፣ ድካም ነው። ኀፍረቱ ቆይቶ መጣ። ሪፖርቱን ከፈትኩና "ዘላቂ" የሚለውን ቃል ፈለግሁ፤ አርባ ሦስት ቦታ ላይ አለ። በየገጹ ዘላቂ ኑሮ፣ ዘላቂ ባሕር፣ ዘላቂ አጋርነት። እኔ በመጣሁ ቁጥር ባሕሩ እየተራቆተ ነበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት መንደር ሲሆን ደግሞ መንደሩ ሁሉ አንድ እንግዳ ለማስደሰት አሸዋ ሲያስስ ሊከርም ነው።

ያም ሆኖ ወዲያው አልወሰንኩም። ራሴን ከሆንኩት በላይ ጥሩ አድርጌ መናገር አልፈልግም። ሐሙስን ሙሉ ቀን ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። ከአሥሩ አንድም ቢሆን መጥፎ አይደለም አልኩ። ሌላው መንደር ወንዝ የለው ይሆናል አልኩ። ሳሌም ታሳዝነኛለች አልኩ፤ እርግጥ ታሳዝነኛለች፣ ግን ለእሷ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ስሜ ያሳዝነኝ ነበር። በዚህ አገር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ስዊድናዊ ሳይሆን ያስከበርኩት ስም ነው፤ ያስከበርኩትም እኔ እነዚህን ሰዎች ከሌሎቻችሁ ይልቅ አውቃቸዋለሁ በማለት ነው።

ማታ እራት ላይ ቶሎሳ "ምን ወሰንሽ?" አለኝ።

"እጽፈዋለሁ።"

"ሴቶቹን እንዳያስነቅፍ ብቻ።"

"ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። እውነትም የእኔ ነው።"

"ስምሽስ?"

"ከሰኔ በኋላ ስም ምን ያደርግልኛል?" አልኩት። ውሸቴን ነበር፤ እሱም ይህን አውቆ ሳህኑን አነሣልኝና ወደ ኩሽና ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ለሳሌም ነገርኳት። ሰማንያ ስድስቱን አውጥቼ፣ ቅጥሩ ውስጥ ካሉት መቶ አሥራ ሦስቱ ብቻ የእኛ ጫጩቶች መሆናቸውን እንዳስገባሁ፣ ቀን አስቀድሞ የመናገሩ አሠራር የእኔ እንደነበር፣ ሴቶቹ ያደረጉት ማንም እንግዳ የሚያከብር ሰው የሚያደርገውን እንደሆነ መጻፌን። መጨረሻው ላይም ቢ ዙሌኻ የነገሩኝን ቦታ ጠቅሼ፣ መስፋፋቱ ቀርቶ በዚያችው መንደር ከማንግሮቩ ጀርባ በትንሹ እንደገና ይሞከር ብዬ ነበር።

ወደ ስዊድንኛ ተሻገረች።

"ለአንቺ ቀላል ነው" አለች። "አንቺ ትሄጃለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። አሥር ዓመት ነው። በየታኅሣሡ ኮንትራቴ ይታደስ እንደሆነ እየጠበቅኩ አሥር ዓመት። ምርመራውን ባልሠራው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።"

ይቅርታ አልኳት፣ በሁለቱም ቋንቋ። ሁለቱም ምንም አልጠቀሙ። ወጥታ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የዘር ምርመራውን ሙሉ ሠንጠረዥ፣ ስሟን ከላይ ጽፋበት፣ ያለ ሰላምታ በኢሜይል ላከችልኝ። ሪፖርቱ ላይ አያይዤ ከእኩለ ቀን በፊት ላክሁት። ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ስንገናኝ "ሄይ" ትለኛለች። "እትዬ" ቀርቷል። ይገባኛል፣ ግን ያመኛል።

የገንዘብ ሰጪዎቹ መልስ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ግልጽነቴን እንደሚያደንቁ፣ መስፋፋቱ እንደማይቀጥል፣ የመንደሪቱም ሥራ በሰኔ መጨረሻ እንደሚዘጋ ይላል። ከማንግሮቩ ጀርባ ያልኩት ሐሳብ ትኩረት የሚስብ ነው፤ ወደፊት ማመልከቻ ሲከፈት ማመልከት ይቻላል። ዘጠኝ መስመር ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እኔም ለሌሎች ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ።

ለቢ ዙሌኻ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለግሁም። በዚያው ቀን ደወልኩ። ከእርባታ ጣቢያው ከእንግዲህ ጫጩት እንደማይመጣ ነገርኳቸው። እኔ ቁጥሩን ስላረምኩ እንደሆነም አልደበቅሁም። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እኛን ሌባ አሉን?" ብለው ብቻ ጠየቁ።

"አላሉም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"አይ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ" አሉ። ወዲያው ስለ ጫጩቶቹ ማሰብ ጀመሩ። የተረፉትን ከማንግሮቩ ጀርባ እንወስዳቸዋለን አሉ፤ እነዚያ ጠንካሮቹ ናቸው፣ ከቆዩ ራሳቸው ይወልዱ ይሆናል። መረቡ አሁንም ጥሩ ነው። ዝናቡ ሳይበረታ በሚቀጥለው የባሕር ሽሽት ይጀምራሉ። እኔ በስምንት ዓመት ያላሰብኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

"በይ ታዲያ፣ መቼ ትመጪያለሽ?" አሉኝ።

"እንግዲህ አልመጣም ቢ ዙሌኻ። ሥራው ተዘግቷል፣ እኔም ጡረታ ልወጣ ነው። የሚልከኝ የለም።"

ከጀርባቸው ነፋሱ ይሰማል።

"ሰው ካልላከሽ አትመጪም?" አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ልኮኝ እንደምመጣ በእውነት አያውቁም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ አሸዋ ሲያስሱልኝ የኖሩት ወዳጃቸው የምትመጣ መስሏቸው ነው፤ እኔም መስሎኝ ነበር።